ለአንድ ክራርና ለአንድ ድምፅ ስምንት ማስገቢያ?

ስለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይክንና የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር ስለሚያገናኘው ሳጥን፣ የተጻፈው ጽሑፍ ጸሐፊ «ስምንት ማስገቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ግዙ» ያሉት ባንድ ላለው ነው እንጂ፣ እንደኛ ጅማ ላይ ክራር ይዞ መኝታ ቤቱ ውስጥ ለሚቀዳ ሰው ብር ማባከን ነው። ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለክራሩ። ስካርሌት ሶሎ የተባለውን ባለ ሁለት ማስገቢያ ኢንተርፌስ ለመግዛት ያሰባችሁ ግን ልብ በሉ፦ ማይክ የሚቀበለው በአንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው የጊታር ወይም የኪቦርድ ገመድ መሰኪያ ነው። ኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ዓይነት) ካላችሁ ኢንተርፌሱ 48 ቮልት የሚሰጥ መሆኑን እዩ። ከሁሉም በላይ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ትቀዳላችሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ (ጅማ ላይ ደግሞ መቼ ያባራና!) የትኛውም ኢንተርፌስ አያስቀርላችሁም፤ ዳይናሚክ ማይክ (የሩቁን ድምፅ ብዙም የማይስበው ዓይነት) ላይ ጠጋ ብሎ መዝፈን ይሻላል።