ለለቅሶ የማንሰስተውን ብር ለጥናት ስንነፍግ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የመጣሁት ልወቅሳችሁ ነው። አስቀድሜ ግን ላመስግናችሁ፤ ውለታችሁ አለብኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ታናሽ ወንድሜን ሳሪስ አካባቢ መንገድ ሲሻገር ሚኒባስ ገጨው። መንገደኞች እጅና እግሩን ይዘው ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ሆስፒታል ስደርስ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባልኩ። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሥራ አንድ ቀን አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ተኛ። ብር ሲያልቅብን ፎቶውን ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ቴሌግራም ላይ ለጠፍነው። በሁለት ቀን የሚበቃን ገባ። ከዋሽንግተን የላካችሁ አላችሁ። ከቤሩት፣ ሰው ቤት ሠርታ ከምታገኘው ላይ ቆርሳ የላከች እህት አለች። ስሟን አላውቅም፤ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ወንድሜ ተረፈ። ቤት የገባው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ድሮ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። አሁን በትንሽ ነገር ይቆጣል። ስልኩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳና ሰረቃችሁኝ ብሎ ይጮሃል። ጫጫታ አይችልም፤ እኛ ደግሞ አምስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው። ቁስሉ ደርቋል፣ ፀጉሩ በቅሏል፤ ስለዚህ ያየው ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል" ይላል። አለቃው ሰነፈ ብሎ ከሥራ አስወጣው። ጎረቤት መጠጥ ጀምሯል ብሎ አማው። እናቴ ጠበል ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር፤ በዚህ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ግማሽ ዓመት ሙሉ "ሆን ብሎ ነው" እያልኩ ስጣላው መክረሜ ነው። የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሲጎዳ ንዴትን መግታትና ነገርን ማቀድ እንደሚከብድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አስረዳችኝ። "ታዲያ ምን ይደረግለት?" አልኳት። የምታውቀው ብዙው በሀብታም አገር የተጠና ነው። እዚያ የንግግር ባለሙያ አለ፣ ከጉዳት በኋላ ሰውን ወደ ሥራ የሚመልስ ባለሙያ አለ። እናት ብቻዋን የምታስታምመውን የእኛን ልጅ ምን እንደሚረዳው ግን ማን ያጥናልን? ከሆስፒታል የወጡት ከዓመት በኋላ የት ደረሱ? ስንቱ ሥራው ላይ ተመለሰ? የስንቱ ትዳር ፈረሰ? እሷና ባልደረቦቿ በሽተኞቹን እየደወሉ ይህን መጠየቅ፣ መመዝገብ ፈለጉ። የሚያስፈልጋቸው የአንድ ነርስ ደመወዝ፣ የስልክ ወጪና አንድ ኮምፒውተር ነው። ገንዘቡን እኔ አሰባስባለሁ ብዬ ተነሣሁ።

የመጣሁትም እናንተው ጋ ነው። "ለወረቀት ነው እንዴ?" አላችሁኝ። "በሽተኛ ካለ ፎቶውን አምጣና እንሰጣለን።" "ጥናትማ የፈረንጅ ሥራ ነው።" በአራት ወር የሰበሰብኩት ለወንድሜ በአንድ ቀን ከገባው አይደርስም።

ወገኖቼ፣ ተሳስታችኋል። ወረቀት ያላችሁት ነገር ስንት ነፍስ እንደያዘ ልንገራችሁ። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት መስጠት በዓለም ዙሪያ ከ30 ዓመት በላይ የተለመደ ነበር። እብጠቱን ይቀንሳል ተብሎ ነው። የሚሰጡት ሐኪሞች ክፉ አልነበሩም፤ ያድናል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ከዚያ በ49 አገሮች 10,008 በሽተኞች የተሳተፉበት አንድ ትልቅ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ፣ መድኃኒቱን ካገኙት ውስጥ በሁለት ሳምንት 21 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ካላገኙት 18 በመቶ። መድኃኒቱ እየገደለ ነበር ማለት ነው! ባይጠና ኖሮ ወንድሜም ያንኑ መርፌ ሊወጋ ይችል ነበር። የዚያን ጥናት ዋና ወጪ የሸፈነው የእንግሊዝ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ነው። የሌላ አገር ግብር ከፋይ ባወጣው ብር የእኔ ወንድም ከዚያ መርፌ ተርፏል። እኛስ ለማን አወጣን?

ጉዳዩ ደግሞ ከማንም በላይ የእኛ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 69 ሚሊዮን ያህል ሰው አንጎሉ ላይ ጉዳት እንደሚደርስበት ይገመታል። አብዛኛው የሚደርሰው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። ባለሙያውም ቢሆን የትናንት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እነዚህ ልጆች ሌሊት ሲቆርጡና ሲሰፉ አድረው ጠዋት ደግሞ የጥናት ገንዘብ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናሉ። ልናፍር ይገባል።

የለንም አትበሉኝ። ከየደመወዛችን ላይ አስቆርጠን፣ ቦንድ ገዝተን፣ በ8100 መልእክት ልከን ዓባይን የገደብን ሰዎች ነን። ሊስትሮው ሳይቀር አዋጥቷል። ለድንኳንና ለሬሳ ሣጥን በየወሩ ሳናጓድል እንከፍላለን። አንድ ወር ብንዘገይ ቅጣት አለው፤ ቅጣቱንም እንከፍላለን። ልጃችን ከሞተ በኋላ የምናወጣውን ብር ሳይሞት በፊት ስንጠየቅ ነው እጃችን የሚታሰረው።

በጎ ሰው መስለው የሚያጭበረብሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ። ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆኑን ጠይቁ። ውጤቱ ሲወጣ በአማርኛ ይነገረን በሉ። ይህን ሁሉ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ጠይቃችሁ ስታበቁ ግን ስጡ።

በመጪው እሁድ የእድራችን ስብሰባ አለ። ከየአባሉ በወር 10 ብር ለጭንቅላት ጉዳት ጥናት ይዋጣ የሚል አጀንዳ አስይዣለሁ። ዳኛው "ደንቡ ለሞተ እንጂ በሕይወት ላለ አይልም" ብለውኛል። እኔም ደንቡ ይሻሻል ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ወንድሜም ፈርሞበታል፤ ስሙን ለመጻፍ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።