ካርታው በማን ስም ነው?

«ሕንፃ የሚያከራይ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያቋቁም መኖሪያ ቤቱና መኪናው ከዕዳ ይተርፋሉ» ሲሉ በጽሑፍዎ ያሰፈሩት በመርህ ደረጃ ልክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰዉ ንግድ ፈቃዱን በማኅበሩ ስም ያወጣል፣ ማኅተም ያስቀርጻል፣ የሕንፃው ካርታ ግን አሁንም በአባወራው ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ከተማ ግንቡ ተንዶ የጎረቤት ሳሎን ቢገባ፣ የሚከሰሰው ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰውዬ ነው። ማኅተሙ ምንም አያደርግለትም።

የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ድሮ ቢያንስ ሁለት አባል ስለሚያስፈልግ ስንቱ የሚስቱን ወንድም ለስም ያህል ያስገባ ነበር! ይሁንና የራስንና የማኅበሩን ገንዘብ ማደባለቅ ጣጣ አለው። የሱቆቹ ኪራይ በግል አካውንት እየገባ፣ የልጅ ሰርግ ከማኅበሩ ሒሳብ እየተደገሰ፣ ፍርድ ቤት «ያው አንተው ነህ፤ የማኅበሩን ዕዳ ከራስህ ንብረት ክፈል» ቢል አይገርምም።

ባንክን ዝም ብለው ማለፍዎ ግን አልገባኝም። ባንክ ለእንዲህ ያለ ማኅበር ሲያበድር ብዙ ጊዜ የባለቤቱን የግል ዋስትና ይጠይቃል፤ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱንም ፊርማ። ያ ከተፈረመ መኖሪያ ቤቱም ዕዳው ውስጥ ገባ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ይህንንና ካርታ ወደ ማኅበሩ ስም ሲዞር የሚከፈለውን ግብር ቢያብራሩልን ደስ ይለናል።