ማስተካከያ፦ ቴሌብር በተራ ስልክም ይሠራል

የመረጃ ሥርዓት ለንግድ ስለሚሰጠው ጥቅም ባለፈው በወጣው ጽሑፍ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ቴሌብር ለመጠቀም የግድ ስማርት ስልክ ያስፈልገዋል ተብሎ ነበር። አያስፈልገውም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በቁልፍ ስልክም ይሠራል። *127# መደወል ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በርበሬ የምትሸጥ እናት ብሩ መግባቱን በአጭር መልእክት ታያለች። (ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። እንኳን በገበያ ቀን ግርግር፣ በሰላሙም ቀን ያሸውዳል። የራሳችሁን መልእክት እዩ።)

የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ከጅምሩ በኮምፒውተር ያገበያይ ነበር መባሉ ልክ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ እየጮሁ፣ ሲስማሙ እጅ ይማቱ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።