ከችሎት ወደ ሕግ ቤተ መጻሕፍት

ደሴ በአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ሳለን፣ ከመካከላችን አንዱ ጠበቃ የጥብቅና ፈቃዱን መልሶ በሕግ ቤተ መጻሕፍት ሊቀጠር መሆኑን ነገረን፤ ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው በእጅጉ እንደሚያንስም አልሸሸገም። አቦሉ ሳያልቅ ክርክሩ ጦፈ።

መጀመሪያ የተቃወሙት ለረጅም ዘመን በዳኝነት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ከቃሉ ወይም ከተሁለደሬ ወረዳ የመሬት ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣውን ገበሬ ለማን ትተህ ነው መደርደሪያ ልትጠብቅ የምትሄደው?» አሉት። እርሱም በአክብሮት፣ «እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ እኔን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ግን የቀን ቆጠራው ነው» ሲል መለሰላቸው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፣ የፍርዱ ግልባጭ ሲዘገይ ጭንቀቱ ሁሉ በጠበቃው ላይ እንደሚወድቅ፣ ደንበኛው ቢያሸንፍ ፍርድ ቤቱን እንደሚያመሰግን፣ ቢሸነፍ ጠበቃውን እንደሚወቅስ ዘረዘረ። ከዚህ ሁሉ ማረፍ እፈልጋለሁ አለ።

ታላቅ እህቱ፣ «ዕረፍት የልጆች ትምህርት ቤት ይከፍላል እንዴ?» ብትለው፣ ከባለቤቱ ጋር ተማክረው ወጪያቸውን እንደቀነሱ ነገራት። አልተዋጠላትም፤ ሆኖም የቤታቸው ጉዳይ ነው ብላ ተወችው።

ጭውውቱን ያከረረው አንድ ወጣት የሕግ መምህር ነበር። አዋጁ ሁሉ በስልክ በሚገኝበት ጊዜ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ለማን ይጠቅማል አለ። ጠበቃው ከቦርሳው የ1952ቱን የንግድ ሕግ አውጥቶ በየገጹ ኅዳግ በእርሳስ የጻፈውን አሳየን። ስለ ንግድ ማኅበራት በሚናገሩት ገጾች ላይ «ተሽሯል፣ አዋጅ 1243/2013ን ተመልከት» ይላል፤ ገለጥ አድርጎ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ዘንድ ሲደርስ «አሁንም ይሠራል» የሚል አለ። በስልኩ አሮጌውን ቅጂ ብቻ የጫነ ሰው የትኛው እንደሞተ፣ የትኛው በሕይወት እንዳለ በምን ያውቃል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/1996 በአዋጅ 1156/2011 ከተተካ በኋላ እንኳ ክሱን በተሻረው ላይ አቁሞ ወደ ቢሮው የመጣ ሠራተኛ እንደነበረ አጫወተን። በክልላችን በአማራም የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 በ252/2009 ተተክቷል፤ ሆኖም ጉዳዩ በቀድሞው ሕግ ዘመን የተፈጠረ ከሆነ አሮጌው አዋጅ ስለሚያስፈልግ መጣል አይቻልም። የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣ ማግኘት ይቀላል፤ የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበትን ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግን፣ ግን ብዙ ባለጉዳይ መኖሩንም አያውቅም። በ1997 በወጣው አዋጅ 454 በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኙ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ አንድን የሰበር ውሳኔ ብቻ ሳይሆን በኋላ የተለወጠ መሆን አለመሆኑንም ማወቅ ግድ ሆኗል።

እኔ የምፈርደው ለጠበቃው ነው፤ ባቀረበው ምክንያት ግን አይደለም። ማረፍን ብቻ ፈልጎ ወደ መጻሕፍት የሚገባ ሰው መጻሕፍቱንም ተገልጋዩንም ይበድላል። ይህ ሥራ የሚገባው፣ በተሻረ አንቀጽ የተጻፈ ክስ በችሎት ፊት ሲወድቅ በዓይኑ ያየና ያንን ዳግም ላለማየት የሚተጋ ሰው ነው፤ እርሱም እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን በእርሳስ የሞላው ኅዳግ ይመሰክርለታል። አዛውንቱ ያነሡት ገበሬም ቢሆን፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን የሚያስጽፈው በፍርድ ቤት በር ላይ ከተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ያ ጸሐፊ ትክክለኛውን አዋጅ የሚጠይቅበት ቦታና የሚመልስለት ሰው ቢያገኝ፣ አንድ ጠበቃ በዓመት ሊደርስላቸው ከሚችለው ይልቅ ለብዙ ገበሬዎች ይተርፋል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ለተማሪና ለመምህር ብቻ እንዳይዘጋ ከመቀጠሩ በፊት አንሥቶ መነጋገር አለበት ባይ ነኝ።

በአንድ ነገር ከአዛውንቱ ጋር ቆሜያለሁ። የያዛቸውን መዝገቦች ዳር ሳያደርስ፣ ወይም በደንበኞቹ ስምምነት ለሌላ ጠበቃ ሳያስረክብ ፈቃዱን እንዳይመልስ ሁለታችንም አጥብቀን ነገርነው፤ እርሱም እንዲሁ እንደሚያደርግ ቃል ገባልን።