ሞላና አሞርዛተር ነጣጥላችሁ አትሽጡልን!

በስምንት ወር ውስጥ ሁለተኛው ጥንድ አሞርዛተር (የመኪናን ንጥረት የሚያረጋጋው ዕቃ) ዘይት ተፋብኝ። ሁለተኛው! ዛሬ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ጎንበስ ብዬ የፊት ግራውን አየሁት። ከላይ እስከ ታች በዘይትና በአቧራ ተለብጧል። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አሁንስ ዝም አልልም።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የ2008 ሞዴል። የክት መኪና አይደለችም። በየቀኑ ከአያት ተነስታ፣ መገናኛን አልፋ፣ ሜክሲኮ ትደርሳለች። ማታ በዚያው ትመለሳለች። ልጅ ታደርሳለች፣ አስቤዛ ታመጣለች። በዓል ሲሆን አራት ሰው ከነሻንጣው ይዛ ደብረ ብርሃን ትወጣለች። ሌላ መኪና የለንም።

አምና የፋብሪካው አሞርዛተሮች አለቁ። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። ጉብታ ካለፈች በኋላ ሁለት ሦስቴ ትነጥራለች። መቀየራቸው ግድ ነበር። እኔም አሰብኩ። መፈታቱ ካልቀረ ለምን ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አላደርጋትም? በጎማውና ከላዩ ባለው ሽፋን፣ በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ጠበብ ሲል ደስ ይለኛል። ቀለበት መንገድ ላይ ስትታጠፍ የምትጋደለውም ይቀንስልኛል ብዬ ነው። ፍላጎቴ ይሄው ነበር፣ አላፍርበትም።

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገባሁ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መኪናዋን በዚህን ያህል የሚያወርድ ሞላ፣ ለእሱም የሚስማማ አሞርዛተር። አንዱ ቁጥር የሌለው ካርቶን አውጥቶ «ለቪትዝ ይሆናል» አለኝ። ለየትኛው ቪትዝ? ለየትኛው ሞተር? መልስ የለም። ሌላው አሞርዛተር እንጂ ሞላ አልያዘም፤ «ሞላውን አስቆርጠው» ብሎ ሸኘኝ። ሦስተኛውን «ስንት ሴንቲሜትር ያወርዳል?» አልኩት። «ሲገጠም ይታያል» አለኝ። ሲገጠም ይታያል! ገንዘቡን ከከፈልኩ፣ መኪናዋ ከተፈታች በኋላ ማለት ነው።

ደክሞኝ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አልኩት። «ልጄ፣ ለምን ብር ታባክናለህ? አንድ ዙር ቆርጬ እሰጥሃለሁ፣ ትገላገላለህ» አለኝ። አመንኩት። ግራይንደር አመጣ፣ የፊቱንም የኋላውንም ቆረጠ፣ አዲስ አሞርዛተር ገጠመ። መኪናዋ አማረች። ለሁለት ሳምንት ያህል ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ከዚያ መከራዬ መጣ። ኮንዶሚኒየማችን መግቢያ ላይ ነዋሪው ያሠራው የሲሚንቶ ጉብታ አለ። ብቻዬን ስሆን አልፈዋለሁ። ባለቤቴና ልጄ ሲጨመሩ ግን ድው! ብረት ከብረት ጋር የተጋጨ ይመስላል። አንድ ቀን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ነካ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አለ። በአራተኛው ወር አሞርዛተሩ አፈሰሰ። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተባልኩ፣ ሌላ ጥንድ ገዛሁ። ይኸው እሱም አፈሰሰ። የፊት ጎማዎቹም በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰዋል። ጎሚስታው ነው ያሳየኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ዕቃው አልነበረም ጥፋተኛው። የተቆረጠው ሞላ ነው። ይህን ለማወቅ ስንት ሌሊት አንብቤያለሁ። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ወጪ አላወጣም ነበር።

እስቲ እንደገባኝ ላስረዳ። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም፣ ሥራው ሞላውን ማረጋጋት ነው። ውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ አሞርዛተር ሲሠራ ለአንድ ዓይነት ሞላ ተለክቶ ነው የሚሠራው። ሞላው ከተቀየረ ልኩ ይፈርሳል።

ሞላ ሲቆረጥ ደግሞ ማጠሩ ብቻ አይደለም፣ ይጠነክራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የሚሠሩ ስድስት ዙሮች ካሉትና አንዱ ከተቆረጠ ጥንካሬው 20 በመቶ ይጨምራል። ለለስላሳው ሞላ የተሠራው አሞርዛተር ይህን ጠንካራ ሞላ እንዴት ይግታው? ሞላው ሲመለስ ይበረታበታል፣ መኪናዋም እንደ ኳስ ትነጥራለች። እሱም አልበቃ። አሞርዛተሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ርቀት ሰባት ሴንቲሜትር ነው እንበል። መኪናዋ በአራት ዝቅ ካለች የቀረው ሦስት ነው። ሰው ሲጫንባት ከዚያም ያንሳል። በየጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ካለችው የላስቲክ መቆሚያ ጋር ይላተማል። እንዲህ እየተደበደበ አራት ወር መቆየቱ ራሱ ብዙ ነው።

ደግሞ የሞላው ጫፍ ፋብሪካው ሲሠራው መቀመጫው ላይ ልክ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው። ያንን ጫፍ በግራይንደር ስትቆርጠው ማረፊያውን ያጣል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በእሳት አግለው የሚያወርዱም አሉ። እባካችሁ፣ ይሄንንስ ተዉ! እሳት የሞላውን ብረት ጥንካሬ ይገድለዋል። ልጅ በምንጭንበት መኪና!

መታጠፊያ ላይ ይሻላል የሚባለውም ቢሆን ገደብ አለው። ቪትዝን የመሰሉ መኪኖች ፊት ለፊት ሞላው አሞርዛተሩ ላይ የተቀመጠ ነው። ከልክ በላይ ካወረድካቸው የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ወደ ላይ ያጋድላል፣ መኪናዋም መታጠፊያ ላይ ጭራሽ ይብስባታል። ጎማው የተበላውም በዚሁ የተነሳ ነው፤ መኪናዋ ስትወርድ የጎማው አቅጣጫ ይዛባል። ዝቅ ካደረጉ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማውን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ግዴታ ነው። እኔን ግን ማንም «አላይመንት አሠራ» አላለኝም። የፊት መብራቱ እንኳ አቅጣጫው እንደሚለወጥ የነገረኝ የለም።

ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ሳጫውተው በጣም ተገረመ። እሱም የራሱን ጎልፍ መኪና ዝቅ አስደርጓል። እዚያ ሞላው ስንት ሚሊሜትር እንደሚያወርድ፣ ፊትና ኋላ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ከወረቀት ጋር ነው የሚሸጠው። ከተገጠመ በኋላ መርማሪ አይቶት በመኪናው ሰነድ ላይ ይመዘገባል። አሞርዛተሩም እንደ ሞላው ይመረጣል። ለምሳሌ ቢልስታይን የሚባለው ፋብሪካ ቢ4 የሚለውን ለተራው ሞላ ይሠራል። ቢ6 በዚያው ርዝመት ጠንከር ያለ ነው። ቢ8 ደግሞ ዝቅ ላለ መኪና ተብሎ ያጠረ ነው። ገዢው ምን እንደሚገዛ ያውቃል። እኔ የምጠይቀው ቅንጦት አይደለም፣ ካርቶኑ ላይ አንድ ቁጥር ነው።

መንገዳችንን ለማንም አልነግርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኮሪደር ልማት የነካው ጎዳና ለስላሳ ነው። ወደ ሰፈር ስትገባ ግን ኮብልስቶኑ ሰምጧል፣ የፍሳሽ ክዳኑ ጎድጉዷል። ጉብታውን ደግሞ ሰፈሩ በፈለገው ቁመት ይሠራዋል። ቀለም የለው፣ ምልክት የለው። ማታ ዝናብ ከዘነበ ጭራሽ አታየውም። በዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ሞላ የሚሸጥ ሰው፣ መጀመሪያ ሊጠይቀኝ የሚገባው «ስንት ሰው ትጭናለህ? የት ሰፈር ነው የምትኖረው?» ብሎ ነበር። አንድም የጠየቀኝ የለም።

በተቃራኒው ከፍ የሚያስደርጉትም ከዚህ አይድኑም። በሞላውና በመቀመጫው መካከል ስፔሰር የሚባል ማንሻ ቁራጭ ይጨመርና መኪናው ይነሳል። ያኔ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል፤ ጉድጓድ ስትገባ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ይሳባል። ጓደኛዬ እንዲሁ አድርጎ ሲያበቃ «ከፍ አለልኝ፣ ግን ያንኳኳል» እያለ ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እሺ፣ ይሁን። ግን በእጃችን ያለችውን ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልንነዳት ነው። ልናቆያት የምንችለው በትክክለኛ ዕቃና በትክክለኛ ምክር ነው። ለሁለት ጥንድ አሞርዛተር፣ ለኮፓ ብየዳ፣ ለሁለት ጎማና ለሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ ያወጣሁት ገንዘብ ቢደመር፣ መጀመሪያውኑ ጥሩ ሞላ ከነአሞርዛተሩ ከውጭ ያስመጣልኝ ነበር። መፍታትና መግጠሙ ያው አንድ ሥራ ነው። ሦስቴ ከፈልኩበት።

አሁን ውሳኔዬ ይህ ነው። ከሁለት ወይም ከሁለት ተኩል ሴንቲሜትር በላይ የሚያወርድ ሞላ ለዚህ መንገድ አልገዛም። አሞርዛተሩ ለዚያው ሞላ የተሠራ ካልሆነ ሞላውንም አልነካውም። የተቆረጡት አራቱም ይጣላሉ። ጥንዱ እስኪገኝ ድረስ በፋብሪካ ቁመት፣ በፋብሪካ ሞላ፣ በደህና አሞርዛተር እነዳለሁ። የአሞርዛተሩ የላይኛው ኩሽኔታና ላስቲክም አብሮ ይቀየራል።

ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሱቅ ደወልኩ። የፋብሪካ ሞላ አለ አሉኝ፤ ደስ አለኝ። የፊት አሞርዛተርስ? «የግራው አለ፣ የቀኙ አልቋል። ግራውን ይውሰዱና ይግጠሙት፣ ቀኙ ሲመጣ እንደውልልዎታለን።»

አንዱን ጎን አዲስ፣ አንዱን ጎን ያፈሰሰ አድርጌ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወዴት ትሳባለች? ልጄ ከኋላ ተቀምጦ! አልወስድም አልኳቸው። ጥንዱን የያዘ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጥር ያለው ሻጭ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቪትዝ፣ 2008፣ የፊት፣ ግራም ቀኝም።