አሥራ ሁለት ካርቶን ወተት

ነገ የበረዶ ማዕበል ይመጣል ተባለ፤ ዛሬ ዳቦ ጠፋ። ማዕበሉ ገና መንገድ ላይ ነው፣ መደርደሪያው ግን ከወዲሁ ተጠራርጓል። ምን እንደተረፈልኝ ልንገራችሁ? ክዳኑ የተሰነጠቀ አንድ ብልቃጥ ሰናፍጭ። ብቻውን ቆሞ ያየኛል።

ከፊቴ የተሰለፉት ሰውዬ አሥራ ሁለት ካርቶን ወተት ጭነዋል። አሥራ ሁለት! ጥጃ ያሳድጋሉ እንዴ? ትንበያው እኮ የሁለት ቀን ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣ ሳይከፈት እንኳ ምግብ ከብልሽት የሚጠብቀው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ወተት ገላ ሊታጠቡበት ነው? (በረዶ ውስጥ ሊቀብሩት አስበው ከሆነ፣ ይቅርታ፣ ከእኔ ይሻላሉ።)

የመጸዳጃ ወረቀቱስ? ሰው በሁለት እጁ አቅፎ ይሮጣል። በረዶ ሆድ ያስቀምጣል ያለ ማን ነው?

የታሸገው ምግብ አንድ ሳይቀር አልቋል። የቆርቆሮ መክፈቻው ግን እንደ ተሰቀለ ነው፤ ማንም አልነካውም። በጥርሳቸው ሊከፍቱት ይሆን?

40 ደቂቃ ተሰልፌ ወጣሁ። ውጭ ፀሐይ ነው። በእጄ ሰናፍጭና የቆርቆሮ መክፈቻ።