ሞተሩ ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም፦ ለፋብሪካ ዋስትና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የፋብሪካ ዋስትና
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሞተር ድምፅን ይመለከታል

በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? መቼም ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ሥራ ያልነካው ሰውነት ምን ይሆናል?

እርስዎ ጎልተው የሚታዩት መኪና ሲሸጥ ነው። ሻጩ ስምዎን ሲያነሳ ድምፁ ይለሰልሳል። «5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎሜትር! ሞተርና ካምቢዮ በሙሉ! ምንም ሐሳብ አይግባዎት!» ይላል። ብሮሹሩ ላይ ስምዎ በትልቁ ተጽፏል። ጀርባው ላይ ደግሞ፣ መነጽር ያደረገም በማያነበው ፊደል፣ ጠባይዎ ሰፍሯል።

«ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው» የምትለው ነገር እዚያ ናት። ብዙ የሚነዳውን ሰው በኪሎሜትር ይይዙታል። መኪናውን ሸፍኖ አልፎ አልፎ የሚያወጣውን ደግሞ በካላንደር። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናው ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ያገለገለ የገዛ ሰው የሚደርሰው ከተራረፈው ዕድሜዎ ላይ ነው። ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ አላቂ ስለሆኑ አይመለከትዎትም። ይሁን፣ በዚህ አልከራከርም። መኪናው ቆሞ የቀረብኝ ሥራም አይመለከትዎትም። እሺ፣ እሱም ይቅር።

እኔን የሚያስጽፈኝ ሞተሩ ነው።

ሞተሬ ያንኳኳል። በተለይ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ። ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም። ለእርስዎ ወዳጆች ወስጄ አሳየሁት። ጋራዥ እስኪደርስ ግን ሞተሩ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ሰው ቤት እንደገባ ልጅ ጨዋ ይሆናል። «እንግዲያው አሳድሩትና ጠዋት እናንተው አስነሱት» አልኳቸው። አደረ።

ጠዋት አንድ ወጣት መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ዝቅ አደረገው። አሁንም ዝቅ አደረገው። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ቀስ ብሎ «ቢዬላ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ፤ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያያዘውን ክንድ ማለቱ ነው። ይሄኔ አለቃው ብቅ አለ። ልጁ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ችግሩ አልታየም» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አልታየም። ተሰማ እንጂ።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ስናገር መልሱ አንድ ነው፦ «ኖርማል ነው።» ማኑዋሉን ከፈትኩ። ለካ አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት መብላትን ጤነኛ ይሉታል። እስቲ አብረን እናስላ። ዘይት የሚቀየረው በየ10,000 ኪሎሜትሩ ከሆነ፣ በሁለት ሰርቪስ መካከል 10 ሊትር ይሄዳል ማለት ነው። የብዙ ትንንሽ መኪናዎች ሞተር የሚይዘው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያለውን ዘይት ሁለት ጊዜ ጠጥቶ ቢጨርስም ጤነኛ ነው። ባለቤቱ ግን አንዴ መለካት ቢረሳና ሞተሩ ቢነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ቢቆም፣ «ዘይት አጉድለው ነድተዋል» ይባላል። ይህችን ያሰባት ሰው ሽልማት ይገባዋል። ከልቤ ነው።

በጣም ስጨቀጭቅ ምርመራ ታዘዘልኝ። ዘይቱ እስከ ልኩ ይሞላል፤ ክዳኑና መለኪያ ዘንጉ ይታሸጋል። «2,000 ኪሎሜትር ያህል ነድተው ይመለሱ» ይባላል። ልብ ይበሉ፣ የሚሮጠው እኔ መኪና ላይ ያለው ቆጣሪ ነው፤ ማለትም የእርስዎ ዕድሜ ነው። ዋስትናው ሊያልቅ የደረሰበት ሰው፣ መብቱን ለማረጋገጥ ሲነዳ መብቱ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

ከዚያ የሰነድ ጥያቄ መጣ። የእያንዳንዱ ዘይት ለውጥ ደረሰኝ። ዘይቱ 0ደብሊው-20 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት ነበር ወይስ ሌላ? ፊልትሮው የማን ነው? ማን ቀየረው? በስንት ኪሎሜትር? ሞተሩን የሠራው እኔ ብሆን እንኳ ይህን ያህል የምጠየቅ አይመስለኝም።

ክቡርነትዎ፣ ይህ አካሄድ በየአገሩ እንዳልተወደደልዎት ያውቃሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ማግነሰን-ሞስ የሚባል ሕግ አለ። የሌላ ኩባንያ ፊልትሮ ስለተገጠመ ወይም ሰርቪሱ ሌላ ጋራዥ ስለተሠራ ብቻ ዋስትና ማንሳት እዚያ አይፈቀድም። ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ ወይም ያ ሥራ መሆኑን ማሳየት የእርስዎ ፋንታ ነው። አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ደንብ አለብዎት። ታዲያ ጋራዡ መስኮት ላይ ስቆም ማስረጃ አምጣ የምባለው ምነው ሁልጊዜ እኔ ሆንኩ?

ደግሞ ያቺ የፊርማ ወረቀት አለች። ምክንያቱ እንዲታወቅ ሞተሩ መውረድና መፈታት አለበት። ጥፋቱ የፋብሪካ ከሆነ እርስዎ ይከፍላሉ። ካልሆነ የማውረጃውን፣ የመፍቻውንና የመግጠሚያውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚወስነውስ? የእርስዎ ሰው። ከሳሽም ዳኛም ገማችም እርስዎ በሆኑበት ችሎት፣ እኔ የተጋበዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው።

ፋብሪካ አይሳሳትም እንዳይሉኝ። ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ 470,000 ያህል ሶናታ መኪናዎችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ክራንክ ሻፍቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ቢዬላው ያለበትን ኩሽኔታ ያቃጥል ነበር። ጉዳዩ በዚያ አላበቃም፤ ሌሎች ሞዴሎችም ተከተሉ፣ የሞተሩም ዋስትና እንዲራዘም ተደረገ። ጄኔራል ሞተርስም እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የሆኑ 600,000 የሚጠጉ መኪናዎችን ጠራ። ምርመራውን ያላለፉት ጥገና ወይም አዲስ ሞተር፣ ያለፉት ደግሞ ወፍራም ዘይትና አዲስ የዘይት ክዳን ተወሰነላቸው። ክዳኗን አትርሱብኝ። እንዲህ ያለው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ስንቱ ባለ መኪና የዘይት ደረሰኝ ሲፈልግ መሳቢያ ገልብጦ ይሆን?

ሰምተውት ሞተር የተቀየረለት ሰውም አለ፤ ስምዎን አላጠፋም። ግን አዲሱ ሞተር ራሱን የቻለ አዲስ ዋስትና ይዞ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። በአብዛኛው የሚወርሰው የአሮጌውን ቀሪ ዘመን ነው። ሦስት ወር ቀርቶ ከነበረ ሦስት ወር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ልመና ማለቴ ለወጉ ነው።

«ችግሩ አልታየም» ብለው የሰጡኝን ወረቀት በደንብ አስቀምጬዋለሁ። ቀኑ ተጽፎበታል። ኪሎሜትሩም ተጽፎበታል። «ደንበኛው ጠዋት ሞተሩ ያንኳኳል ይላል» የሚለውም፣ በአለቃው የእጅ ጽሑፍ፣ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ነገ ሞተሩ ቢነክስና «ዘመንዎ አልፏል» ቢሉኝ፣ አቤቱታው በዘመንዎ ውስጥ እንደቀረበ የመሰከሩልኝ ራስዎ ነዎት። ለዚህ ውለታዎ አመሰግናለሁ። እምቢታዎንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። በቃል ሲናገሩ ደፋር ነዎት፤ በጽሑፍ እንዴት እንደሆኑ ማየት እፈልጋለሁ።

የጠዋቱንም ድምፅ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ሲመችዎ ያዳምጡት። ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግዎትም።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ሞተሩ

ግልባጭ፦
– ለብሮሹሩ የፊት ገጽ
– ለ«ኖርማል ነው» ክፍል
– ካቻቢቴውን ኪሱ ለከተተው ልጅ (አለቃው ሳያይ ይሰጥልኝ)